ትራፊክ በየት በኩል ይሂድ? ስለ ቢጂፒ አትሪቢዩቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኔትወርክ ላይ እንደምሠራ የሚያውቁ ልጆች ጅማ ፈረንጅ አራዳ ካፌ ቁጭ ብዬ ካገኙኝ ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ አይለቁኝም። ግማሾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ግማሾቹ ሥራ ገና የጀመሩ። ጥያቄያቸው ግን ዞሮ ዞሮ ያው አንድ ነው፦ የኢንተርኔት ትራፊክ፣ ማለትም የሚላከውና የሚመጣው ዳታ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስነው ምንድነው? ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው እንጀምርና፣ ቢጂፒ ምንድነው?

ኢንተርኔት አንድ ሰው የሚያዝበት አንድ ትልቅ ኔትወርክ አይደለም። ከ70 ሺህ በላይ ኔትወርኮች ናቸው ተያይዘው ኢንተርኔት የሚሆኑት። እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት፣ የራሱ ፖሊሲ፣ የራሱ ሒሳብ አለው። መለያ ቁጥርም አለው፣ ኤኤስ ቁጥር ይባላል። የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው፣ የጉግል ደግሞ 15169። ለአፍሪካ ቁጥሩንም የኢንተርኔት (አይፒ) አድራሻውንም የሚያድለው ሞሪሸስ ያለው አፍሪኒክ ነው።

ቢጂፒ (BGP) እነዚህ ኔትወርኮች በራውተሮቻቸው፣ ማለትም ትራፊክ በየት እንደሚሄድ በሚመሩት ዕቃዎች፣ እርስ በርስ የሚያወሩበት ቋንቋ ነው። ወሬው ደግሞ ብዙ አይደለም። «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ይላል አንዱ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ሰምቶ ለሌላው ያወራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓለምን ያዳርሳል። በ1989 ከርክ ሎሂድ ከሲስኮ፣ ያኮቭ ሬክተር ከአይቢኤም ሆነው ስብሰባ ላይ ምሳ እየበሉ በናፕኪን ላይ ነው የነደፉት። ለጊዜው ያገልግል ተብሎ ነበር። ጊዜያዊ የተባለ ድልድይ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እኛ አገር ለኖረ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ የምንጠቀመው አራተኛው ስሪት ነው፣ አሁን የሚሠራበት ሰነድ የወጣው በ2006።

አትሪቢዩት የምትሉት ነገርስ?

ቡና በጆንያ ሲጫን አይታችኋል። ጆንያው ላይ ወረቀት አለ። ከየት እንደመጣ፣ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ ይነግራል። ገዢው ጆንያውን ሳይፈታ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው።

ቢጂፒም እንደዛ ነው። ጎረቤት «ይሄ አድራሻ እኔ ጋ አለ» ሲል ባዶውን አያወራም። አብሮት የሚለጠፍ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ያሉት መስመሮች ናቸው አትሪቢዩቶች የሚባሉት። ሦስቱ የግድ ናቸው፣ ከጎረቤት ኔትወርክ የሚመጣ መንገድ ያለ እነሱ አይቀበሉትም፦ ኤኤስ ፓዝ፣ ኔክስት ሆፕ እና ኦሪጂን። ሌሎቹ ቢኖሩም ባይኖሩም ነው። አንዳንዱ አትሪቢዩት ከኔትወርክ ኔትወርክ ይሻገራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ድንበር ላይ ይቀደዳል። የትኛው ይሻገራል፣ የትኛው ይቀደዳል የሚለውን ያልለየ ሰው ነው በኋላ ሌሊት ሰባት ሰዓት ተቀምጦ ራሱን የሚያከው።

ራውተር ፈጣኑን መንገድ አይደል እንዴ የሚመርጠው?

አይደለም። ይሄን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩት!

ቢጂፒ ስለ ፍጥነት አንድም ነገር አያውቅም። መስመሩ ይጨናነቅ፣ ነፃ ይሁን፣ ሰፊ ይሁን፣ ጠባብ ይሁን አይጠይቅም። አሥር ጊጋቢት መስመርና አሥር ሜጋቢት መስመር በእሱ ዓይን እኩል ናቸው። የሚያየው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን ደግሞ በአብዛኛው የሚወስነው የኔትወርኩ ባለቤት ነው፣ የባለቤቱን ውሳኔ የሚወስነው ገንዘብ።

ለዚህ ነው ለዓመታት ከአንዱ የአፍሪካ አገር ወደ ጎረቤት አገር የተላከ ኢሜይል በለንደን ዞሮ ሲመጣ የኖረው። ፋይበሩ እዚያ ስለተገናኘ፣ ውሉም እዚያ ስለተፈረመ ነው። ጎረቤታሞቹ በቀጥታ ካልተያያዙ ራውተሩ ካርታ አውጥቶ «ኧረ ይሄ ቅርብ ነው» አይልም።

ታዲያ ምርጫው በምን ቅደም ተከተል ነው?

ነጥብ የሚደመር ይመስላችኋል፣ አይደመርም። ማጣሪያ ነው። ሁለት መንገዶች መጀመሪያ በአንዱ አትሪቢዩት ይወዳደራሉ። አንዱ ከበለጠ አለቀ፣ የተቀረው አይታይም። እኩል ከሆኑ ብቻ ወደ ሚቀጥለው ይኬዳል።

ስሞቹ ካልገቧችሁ አትጨነቁ፣ ወደ ታች እመለስባቸዋለሁ። መጀመሪያ ሎካል ፕሪፈረንስ ይታያል፣ ከፍ ያለው ያሸንፋል። እኩል ከሆነ ኤኤስ ፓዝ ይቆጠራል፣ ያጠረው ያሸንፋል። ቀጥሎ ኦሪጂን። ቀጥሎ ሜድ፣ እዚህ ላይ ዝቅ ያለው ነው የሚያሸንፈው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አሁንም እኩል ናቸው? ከውጭ ጎረቤት በቀጥታ የተሰማው ከራስ ኔትወርክ ውስጥ ከተሰማው ይቀድማል። ከዚያ መውጫ በሩ ለራውተሩ ቅርብ የሆነው። ይሄኛውን ባለሙያዎቹ ትኩስ ድንች ይሉታል፣ ማንም እጁ ላይ ይዞ መቆየት ስለማይፈልግ በቅርቡ በር ወደ ጎረቤት ይወረውረዋል። ከዚህ ሁሉ አልፎ እኩል ከሆነ የራውተር መለያ ቁጥሩ ያነሰው ይመረጣል፣ ዕጣ እንደማውጣት በሉት።

የሲስኮ ዕቃ ካላችሁ ከሁሉም በፊት ዌይት የሚባል ነገር አለ። እሱ የዚያ አንድ ራውተር የግል ምርጫ ነው፣ አጠገቡ ላለው ራውተር እንኳ አይነገርም። ባትነኩት ይሻላል። ስድስት ወር ቆይቶ የሚመጣው ሰው ለምን እንደዚህ እንደሆነ ፈልጎ አያገኘውም።

ሎካል ፕሪፈረንስ ለምን መጀመሪያ ላይ ተቀመጠ?

ባለቤቱ የሚናገርበት ቦታ ስለሆነ። ምንም ካልነካችሁት ብዙ ራውተሮች ላይ 100 ነው። ለአንዱ የኢንተርኔት አቅራቢ 200 ብትሰጡት ትራፊካችሁ በዚያ ይወጣል፣ በሌላኛው በኩል ያለው መንገድ የፈለገውን ያህል አጭር ቢሆን ለውጥ የለውም።

ከጅማ አዲስ አበባ መሄድን አስቡት። አንዱ በሰኮሩ፣ ጊቤን ተሻግሮ በወልቂጤ ነው። ሌላው በአጋሮ፣ በበደሌ፣ በነቀምቴ፣ በአምቦ አድርጎ ይዞራል። የመጀመሪያው እንደሚያጥር ሕፃን ልጅም ያውቃል። ግን የመኪናው ባለቤት «ነቀምቴ የማወርደው ዕቃ አለኝ፣ በዚያ ሂድ» ካለ ሹፌሩ ምን አፍ አለው? ይሄዳታል። ሎካል ፕሪፈረንስ የባለቤቱ ትዕዛዝ ነው።

ትልልቆቹ ኔትወርኮችም የሚጠቀሙበት እንዲህ ነው። ከደንበኛ የሰሙትን መንገድ ከፍተኛ ቁጥር ይሰጡታል፣ ምክንያቱም ደንበኛ ይከፍላል። ሳይከፋፈሉ በነፃ ከሚለዋወጡት እኩያ የሰሙትን መካከለኛ። እነሱ ራሳቸው ከሚከፍሉት አቅራቢ የሰሙትን ዝቅተኛ። ስለዚህ አንድ ፓኬት (ተቆራርጦ የሚላከው ዳታ አንዱ ቁራጭ) በዚያ ኔትወርክ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚፈለግለት ገንዘብ የሚያስገባው በር ነው። ይሄን አንድ ነገር ከያዛችሁ የኢንተርኔትን ግማሽ ጠባይ ገባችሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ሎካል ፕሪፈረንስ ድንበር አይሻገርም። እናንተ ውስጥ 200 ስላላችሁ ጎረቤት ጉዳዩም አይደለም፣ ከነጭራሹም አይሰማውም።

ኤኤስ ፓዝ ርቀት ነው የሚለካው?

ኬላ ነው የሚቆጥረው። መንገዱ በስንት ኔትወርክ እንዳለፈ ብቻ። አንድ ኔትወርክ ከናይሮቢ እስከ ኒውዮርክ ቢዘረጋም አንድ ነው የሚቆጠረው። ሦስት ትናንሽ ኔትወርኮች አንድ ሕንጻ ውስጥ ተደራርበው ቢቀመጡ ሦስት ናቸው። ስለዚህ «አጭር ፓዝ ስለሆነ ቅርብ ነው» የሚል ወሬ አትስሙ።

ሌላ ትልቅ ሥራም አለው። አንድ ራውተር የመጣለት ፓዝ ውስጥ የራሱን ቁጥር ካየ ይጥለዋል። የራሱ ወሬ ዞሮ ወደ ራሱ መጥቷላ! ትራፊክ ክብ እየሠራ እንዳይሽከረከር የሚያደርገው ይሄው ቀላል ነገር ነው።

ፕሪፔንድ አድርጌ ነበር፣ ለምን አልሠራልኝም?

ወይ ጉድ። ይሄ ጥያቄ የእኔም ነው፣ አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል።

ፕሪፔንድ ማለት የራሳችሁን ኤኤስ ቁጥር ደጋግማችሁ መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ መጻፍ ሲበቃ አራት ጊዜ ትጽፉታላችሁ፣ መንገዱ ረዥም ይመስላል፣ ሰውም በሌላኛው በር ይመጣል። ሐሳቡ እንደዛ ነው።

ድሮ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ሁለት መስመር ነበረው፣ ከሁለት አቅራቢ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ለክፉ ቀን የተያዘ ጠባብ። ሎካል ፕሪፈረንሱን አስተካከልኩ፣ የሚወጣው ትራፊክ ሁሉ በሰፊው ሄደ። ደስ አለኝ። የሚገባው ግን በጠባቡ መምጣቱን አላቆመም። በጠባቡ በኩል ሦስት ጊዜ ፕሪፔንድ አደረግኩ። ትንሽ ቀነሰ። አምስት አደረግኩት። ያው ነው። ስምንት! ምንም። መስመሩ ታንቆ ሰዎቹ «ኢንተርኔት ሞቷል» እያሉ ይደውላሉ፣ እኔ ቁጥር እየደጋገምኩ እጽፋለሁ።

ነገሩ ኋላ ነው የገባኝ። ለጠባቡ መስመር አቅራቢ እኛ ደንበኛ ነን። ከደንበኛ የሰማውን መንገድ ከፍ ያለ ሎካል ፕሪፈረንስ ይሰጠዋል። ቅደም ተከተሉን አስታውሱ፣ ሎካል ፕሪፈረንስ ላይ ከተለየ የፓዝ ርዝመት አይታይም። ስምንትም ብጽፍ ሰማንያም ብጽፍ አያነበውም። እኔ ሦስተኛ ገጽ ላይ አቤቱታ እጽፋለሁ፣ እሱ የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ ፈርሞ ጨርሷል። በመጨረሻ ደወልኩላቸው፣ ሰውዬው «ይቺን ኮሚዩኒቲ ላክልን» አለኝ፣ ላክኩ፣ አለቀ። ስለ ኮሚዩኒቲ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ትምህርቱ ምንድነው ካላችሁኝ፣ የሚወጣው በእጃችሁ ነው፣ የሚገባው ግን ልመና ነው። ቤታችሁ የሚመጣ እንግዳ በመርካቶ በኩል ይምጣ በአጂፕ በኩል አትወስኑም። ቢበዛ «በዚያ በኩል ጭቃ ነው» ትሉታላችሁ። ፕሪፔንድ ማለት «ጭቃ ነው» ማለት ነው። ጭቃ የማይፈራ ሰው ይመጣል።

ሲበዛ ደግሞ አደጋ አለው። የካቲት 2009 ላይ ሱፕሮ የሚባል የቼክ ሪፐብሊክ አቅራቢ አንድ ጊዜ ፕሪፔንድ ማድረግ ፈለገ። ሲስኮ ላይ ኤኤስ ቁጥሩን ነው የምትጽፉት። እነሱ የያዙት ግን ሚክሮቲክ የሚባል ራውተር ነበር፣ እዚያ የሚጻፈው ስንት ጊዜ ይደገም የሚለው ነው። ሰውዬው ኤኤስ ቁጥራቸውን ጻፈ፣ 47868። ያን ሁሉ ጊዜ መድገም ስለማይቻል ሚክሮቲኩ ለ256 አካፍሎ ቀሪውን ወሰደ። ካልኩሌተር አውጥታችሁ ሞክሩት፣ 252 ነው። ያን የሚያህል ፓዝ ዓለምን ሲያዳርስ የቆዩ ራውተሮች መሸከም አቃታቸው፣ ከጎረቤታቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት እየዘጉ እየከፈቱ ብዙ ቦታ ኢንተርኔት ተናጋ። አንድ መስመር ላይ በተጻፈ አንድ ቁጥር!

ሚክሮቲክ እዚህም በየቦታው ስላለ ነው ያነሳሁት። ሁለትና ሦስት ጊዜ ካልሠራ አሥርም አይሠራም፣ እዚያው አቁሙ።

ሜድስ ምን ይጠቅማል?

አንድ ጎረቤት ብቻ ሲኖራችሁና ከእሱ ጋር በሁለት ቦታ ስትገናኙ። «ይሄ አድራሻ ወደዚህኛው በር ይቀርባል» ለማለት። ቁጥሩ ያነሰው በር ይመረጣል። ከጎረቤቱ አልፎ ወደ ሌላ ኔትወርክ አይሄድም፣ ከሁለት የተለያዩ አቅራቢዎች የመጣ ሜድም አብዛኛውን ጊዜ አይወዳደርም። ጎረቤቱ ደግሞ ካልፈለገ ዜሮ አድርጎት ያልፋል። ሁለት አቅራቢ ይዛችሁ በሜድ ትራፊክ ለመከፋፈል የምትሞክሩ ካላችሁ ተዉት፣ ጊዜ ማባከን ነው።

ኦሪጂን?

ታሪክ ነው በሉት። መንገዱ መጀመሪያ እንዴት ቢጂፒ ውስጥ እንደገባ ይናገራል። ሦስት ዓይነት አለ፣ አንዱ ከቢጂፒ በፊት የነበረው የሞተ ፕሮቶኮል ነው። ማወቅ ጥሩ ነው፣ ፈተና ላይ ይመጣል።

መንገዱ የራውተሩ ሠንጠረዥ ላይ አለ፣ ግን ራውተሩ አይጠቀምበትም። ምን ሆኖ ነው?

ከአሥር ዘጠኙ ኔክስት ሆፕ ነው። ሌላ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት እሱን እዩ።

ኔክስት ሆፕ ማለት «ፓኬቱን ለዚህ አድራሻ ስጡ» የሚል መስመር ነው። ከውጭ ጎረቤት ስትሰሙ አድራሻው የጎረቤቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው የድንበሩ ራውተር ወሬውን ውስጥ ላሉት ራውተሮች ሲያቀብል ነው። አድራሻውን ሳይቀይር ያቀብላል። ውስጥ ያለው ራውተር ደግሞ የውጭውን ጎረቤት አድራሻ አያውቀውም። የስልክ ቁጥር ተሰጥቶት የአገሩ ኮድ እንዳልተሰጠው ሰው ነው፣ ቁጥሩ አለ፣ ግን አይደወልም። ስለዚህ መንገዱን ይዞ ዝም ይላል።

መፍትሔው የድንበሩ ራውተር «ለእኔ ስጡኝ፣ እኔ አሻግራለሁ» እንዲል ማዘዝ ነው። ኔክስት ሆፕ ሰልፍ (next-hop-self) ይባላል ትዕዛዙ። አንዲት መስመር ናት። ስንት ልጅ በዚህች መስመር ምክንያት ላብራቶሪ ውስጥ ሲያመሽ አይቻለሁ መሰላችሁ፣ እኔንም ጨምሮ።

ኮሚዩኒቲ እያላችሁ የምታወሩት ነገር ምንድነው?

የሚገባው ትራፊክ ልመና ነው ብዬ የለ? ኮሚዩኒቲ ልመናውን ወደ ትዕዛዝ የሚያስጠጋ ነገር ነው፣ ለዚህ ነው እኔ የምወደው።

በራሱ ምንም አያደርግም። ቁጥር ነው፣ ሁለት ቁጥሮች በሁለት ነጥብ ተለያይተው የሚጻፉበት። ከ1996 ጀምሮ አለ። ትርጉሙን የሚሰጠው ተቀባዩ ነው። አንድ አቅራቢ «ከደንበኛ ይሄ ቁጥር ሲመጣልኝ ሎካል ፕሪፈረንሱን 80 አደርጋለሁ» ብሎ ይጽፋል። «ይሄኛው ሲመጣ ለእንትና ኔትወርክ አላወራም» ይላል። እናንተ ዝርዝሩን ተቀብላችሁ የምትፈልጉትን ለጥፋችሁ ትልካላችሁ። የእኔን የጠባብ መስመር ጣጣ የፈታው ይሄው ነው። ሰውዬው ሎካል ፕሪፈረንሱን ራሱ እንዲያወርደው አደረግኩት፣ ያኔ ሰፊው አሸነፈ።

አቅራቢ ስትመርጡ ዋጋና ፍጥነት ብቻ አትጠይቁ። «የምትቀበሉት የኮሚዩኒቲ ዝርዝር አላችሁ?» በሉ። ምን ማለት እንደሆነ ካልገባቸው ከማን ጋር እንደምትሠሩ አወቃችሁ።

ሁሉም የሚያውቃቸው ቁጥሮችም አሉ። 65535:65281 «ለሌላ ኔትወርክ አታውራ» ማለት ነው። 65535:666 ደግሞ በ2016 ደረጃ የወጣለት ሲሆን «ወደዚህ አድራሻ የሚመጣውን ሁሉ ጣል» ይላል። ለምን ይጣላል? አንድ ሰርቨራችሁ ላይ የጥቃት ጎርፍ ሲመጣ መስመሩ በሙሉ ይታነቃል፣ ስለዚህ አንዷን አድራሻ ሠውታችሁ የቀሩትን ታድናላችሁ። አቅራቢው መቀበሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ጎርፉ ከመጣ በኋላ ሰነድ ፍለጋ መግባት አያምርም።

በ2017 ደግሞ ትልቁ ኮሚዩኒቲ መጣ። ኤኤስ ቁጥሮች ከ65535 አልፈው አደጉ፣ በድሮው ኮሚዩኒቲ ውስጥ አልገባ አሉ። አዲስ ቁጥር ያላችሁ በእሱ ነው የምትሠሩት።

አትሪቢዩቶቹን ሁሉ ብቆጣጠር ማንም አይወስድብኝም ማለት ነው?

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አትሪቢዩት የሚወዳደረው ስለ አንድ ዓይነት አድራሻ ስፋት ሲወራ ብቻ ነው። ይበልጥ የጠበበ አድራሻ ከመጣ ውድድር የለም፣ ጠባቡ ያሸንፋል። አንዱ «ጅማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በእኔ በኩል» ቢል፣ ሌላው «ቦሳ ቂጦ ያለ ሰው በእኔ በኩል» ቢል፣ ቦሳ ቂጦ የሚሄድ ፓኬት ሁለተኛውን ነው የሚሰማው። ሎካል ፕሪፈረንሱ ሺህ ይሁን ቁብ የለውም።

የካቲት 24 ቀን 2008 የሆነውን ልንገራችሁ። የፓኪስታን መንግሥት ዩቲዩብ እንዲዘጋ አዘዘ። ዩቲዩብ 208.65.152.0/22 ብሎ ነበር የሚያውጀው (ከዝባዟ መስመር በኋላ ያለው ቁጥር ሲተልቅ አድራሻው ይጠባል)። የፓኪስታን ቴሌኮም አገር ውስጥ ለመዝጋት 208.65.153.0/24ን «እኔ ጋ ነው» ብሎ አወጀ። ይሄ ወሬ አገር ውስጥ መቅረት ሲገባው አምልጦ ወደ ሆንግ ኮንጉ አቅራቢው ወደ ፒሲሲደብሊው ወጣ፣ እሱም ሳያጣራ ለዓለም አቀበለው። /24 ከ/22 ይጠባል። በቃ፣ የዓለም የዩቲዩብ ትራፊክ ወደ ፓኪስታን ጎረፈ። ሁለት ሰዓት ያህል።

ደስ የሚለኝ የዩቲዩብ መልስ ነው። መጀመሪያ ራሱም ያንኑ /24 አወጀ። አሁን ስፋቱ እኩል ሆነ፣ ስለዚህ አትሪቢዩቶቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ ለዩቲዩብ ቅርብ የሆነው ወደ ዩቲዩብ፣ ለፓኪስታን ቅርብ የሆነው ወደ ፓኪስታን። ግማሽ ድል ነው። ከዚያ ለሁለት ሰንጥቆ ሁለት /25 አወጀ፣ የሰማው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ፒሲሲደብሊው የፓኪስታኑን ወሬ ሲያቋርጥ ነው ነገሩ የበረደው።

ዝም ብሎ የሰው አድራሻ «የእኔ ነው» ማለት ይቻላል እንዴ?

ይቻላል፣ ቢጂፒ ሲነደፍ ሁሉም ይተማመን ነበር። አሁን አርፒኬአይ የሚባል አለ። የአድራሻው ባለቤት «ይሄን አድራሻ ማወጅ የሚችለው ይሄ ኤኤስ ቁጥር ነው፣ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚጠበው» ብሎ ዲጂታል ፊርማ ያለው ማስረጃ ያስቀምጣል። የሚያጣሩ ኔትወርኮች የማይገጥመውን ይጥላሉ። የሚያረጋግጠው ግን መነሻውን ብቻ ነው፣ በመሃል ያለውን መንገድ አይደለም። እንደዚያም ሆኖ የራሳችሁ አድራሻ ካላችሁ ከአፍሪኒክ መግቢያችሁ ላይ ዛሬውኑ አድርጉት። ወንጭፍ ለሌለው ሰው ቢያንስ አጥር ነው።

ራውተሬ የማያውቀው አትሪቢዩት ቢመጣበትስ?

ይሻገር የሚል ምልክት ካለው ሳይገባው ያሳልፈዋል። ቢጂፒ በ1989 ተወልዶ እስከ ዛሬ አዳዲስ ነገር ሲጨመርበት የኖረው በዚህ ነው። ግን ነሐሴ 27 ቀን 2010 የአውሮፓው የአድራሻ ተቋም ራይፕና የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሙከራ አዲስ አትሪቢዩት ለጥፈው ላኩ። ደንቡን የጠበቀ ነበር። አንድ ዓይነት የሲስኮ ሶፍትዌር ግን ሲያሳልፈው አበላሸው። ተቀባዩ የተበላሸ ነገር ሲያይ፣ በያኔው ደንብ መሠረት፣ ግንኙነቱን በሙሉ ዘጋ። መልሶ ሲከፍት ያው ነገር መጣለት፣ መልሶ ዘጋ። ሙከራው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ተቋረጠ። በ2015 ደንቡ ተሻሻለ፣ አሁን በአብዛኛው የተበላሸውን መንገድ ብቻ መጣል ነው እንጂ ወዳጅነት ማፍረስ የለም።

ትሬስራውት ሳደርግ የሄድኩበትና የተመለስኩበት ለምን ይለያያል?

ትሬስራውት ፓኬት በየትኞቹ ራውተሮች እንደሚያልፍ የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው። የእናንተን መውጫ እናንተ መረጣችሁ፣ መመለሻውን ሌላው በራሱ ሎካል ፕሪፈረንስ መረጠ። ጤነኛ ነገር ነው። ትሬስራውት የሚያሳያችሁ ደግሞ መሄጃውን ብቻ ነው። ችግሩ መመለሻው ላይ ሆኖ መሄጃውን ስትመረምሩ እንዳትውሉ።

እዚህ ጅማ ሆኜ ራውተር ሳልገዛ መለማመድ እችላለሁ?

እንዴታ። ኤፍአርአር የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሊኑክስን ራውተር ያደርገዋል። አራት ትናንሽ ቨርቹዋል ማሽን አንድ ላፕቶፕ ላይ ይበቃል፣ ወይም ጂኤንኤስ3 ተጠቀሙ። ለራሳችሁ መለማመጃ ከ64512 እስከ 65534 ያሉትን ኤኤስ ቁጥሮች ያዙ፣ ለግል የተተዉ ናቸው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ስለማይሞት ከእውነተኛ ራውተር የተሻለ ነው፣ ቀልዴን አይደለም።

ሁለት አቅራቢ፣ አንድ ደንበኛ፣ አንድ ሩቅ ኔትወርክ ሥሩ። መጀመሪያ በፕሪፔንድ አሳሳቱት። ከዚያ አንዱ አቅራቢ ላይ ሎካል ፕሪፈረንስ ጨምሩና ፕሪፔንዱ እንዴት ዋጋ እንደሚያጣ በዓይናችሁ እዩ። እኔ በሥራ ላይ ተደውሎብኝ ያየሁትን እናንተ ቡና እየጠጣችሁ ታዩታላችሁ።

እውነተኛውን ኢንተርኔት ማየት ከፈለጋችሁ የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ሩትቪውስ እና የራይፕ ራይፕስታት የሚባሉት ድረ ገጾች ለማንም ክፍት ናቸው። 24757 ብላችሁ ፈልጉ። ከኢትዮጵያ የሚወጣው መንገድ በየትኞቹ ጎረቤቶች በኩል እንደሚያልፍ፣ ማን ፕሪፔንድ እንደሚያደርግ፣ የትኛው ኮሚዩኒቲ እንደተለጠፈ ያሳያችኋል። እዚያ አንድ ማታ ያሳለፈ ሰው ሦስት ወር ኮርስ ከወሰደው ይበልጣል፣ የእኔ አስተያየት ነው።

ለቤቴ ዋይፋይስ?

ለቤትህ ዋይፋይ አያገለግልም። አጥፍተህ አብራው።